በሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠው ሁለተኛው ኮምፒውተር

(በሮቤ ከተማ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ የሆነው ዕቃ በስፋቱ ከፖስታ ቴምብር አይበልጥም። በሰርቨር ማዘርቦርድ ላይ ከተበየዱት በርካታ ቺፖች አንዱ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ ቢ.ኤም.ሲ. በሚል ምኅጻረ ቃል ይታወቃል፤ እኔ «የርቀት አስተዳደር ተቆጣጣሪ»፣ ሲያጥር ደግሞ «ተቆጣጣሪው» እለዋለሁ። ኤች.ፒ. «አይ.ኤል.ኦ.»፣ ዴል «አይድራክ» የሚል የንግድ ስም ሰጥተውታል፤ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው። ወደ ሰርቨር ክፍል የገባ ሰው ሁሉ አጠገቡ አልፏል፤ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የማቀርበው ክርክር የሚከተለው ነው፦ እንደ ሮቤና ጎባ ከመሐል አገር ርቀው ለሚገኙ ተቋማት ከዚህ ቺፕ የበለጠ የሚጠቅም የሰርቨር አካል ማግኘት ያስቸግራል፤ በዚያው ምክንያትም ባለቤት ካጣ ከእርሱ የበለጠ የሚያሰጋ የለም።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ሰርቨር ስንል ዘወትር በአእምሯችን የሚመጡት ዋናው ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪውና ዲስኮቹ ናቸው። ተቆጣጣሪው ከእነዚህ ተነጥሎ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ የኔትወርክ አድራሻና የራሱ ስርዓተ ክወና አለው። በአሁኑ ዘመን ሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚገኘው አስፒድ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ቺፕ ሲሆን በውስጡ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ፣ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ሳለ እንኳ፣ ከተጠባባቂው የኃይል መስመር እየተመገበ ነቅቶ ይቆያል። የሙቀት መለኪያዎቹን ያነብባል፤ ማራገቢያዎቹን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል፤ የተበላሸ ሜሞሪ ወይም የደከመ የኃይል አቅራቢ ሲያገኝ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከዚህም በላይ የሰርቨሩን ስክሪንና ኪቦርድ በኔትወርክ አማካይነት ሩቅ ላለ ሰው ያቀርባል፤ የስርዓተ ክወና መጫኛ ዲስክ በእጅ እንደገባ አስመስሎ ከሩቅ ያስነብባል፤ ማሽኑን ያጠፋል፣ ያበራል። ዋናው ስርዓተ ክወና ቢሞት እርሱ አይሞትም።

ይህ ሁሉ ለሮቤ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የአምራቾቹ ወኪሎችና ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። እስከ ጎባ ያለው ርቀት ደግሞ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ አጭር ይመስላል፤ ሌሊት ለሚጠራ ባለሙያ ግን አጭር አይደለም። እንበልና ኃላፊው ባለሙያ ጎባ ይኖራል፤ የተማሪዎች ምዝገባ በሚጠናቀቅበት ዋዜማ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሮቤ ያለው ሰርቨር ደርቆ ቀረ። ተቆጣጣሪው በአግባቡ ከተዘጋጀ ባለሙያው ከቤቱ ሆኖ በስክሪኑ ላይ የቀረውን የስሕተት መልእክት ያነብባል፤ ማሽኑን ያስነሣል፤ ተመልሶ ይተኛል። ካልተዘጋጀ እስኪነጋ መጠበቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚፈተኑ ተማሪዎች ባሉበት አገር፣ የሕመምተኛ መዝገብም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚሸጋገርበት ዘመን፣ እስኪነጋ መጠበቅ ቀላል ዋጋ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ከፍታ ጥቂት ልበል፤ ነገሩ የባሌ ጉዳይ ነውና። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየሩ ሳስቷል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው አየር በይዘት ባይቀንስ እንኳ ያ አየር ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህም አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣና የአየር ሥርዓት መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨሮች ባወጣው መመሪያ፣ በተለመደው ኤ-2 በተሰኘው ምድብ፣ እስከ 900 ሜትር ከፍታ ድረስ ወደ ማሽኑ የሚገባው አየር እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ እንደሚችል ይፈቅድና ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስታሰሉት ለሮቤ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ለጎባ ደግሞ ከ29 ዲግሪ ያነሰ ይሆናል።

የባሌን ብርድ የሚያውቅ ሰው «30 ዲግሪ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ ሰርቨር አስገብቶ በሩን የዘጋ ሰው ግን አይስቅም። መመሪያው የሚፈቅደው የመጨረሻው ከፍታ 3,050 ሜትር መሆኑንም ልብ በሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሰኔቲን አምባ ለቀይ ቀበሮ እንተውለት። ቁም ነገሩ ግን ይህን ሁሉ በየደቂቃው የሚለካው ተቆጣጣሪው መሆኑ ነው። የሚገባውን አየር ሙቀትና የማራገቢያዎቹን ፍጥነት አንድ ዓመት ሙሉ ሰብስቦ ከውጭው አየር ጋር የሚያነጻጽር ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ገንዘብም አይጠይቅም፤ መለኪያው ቀድሞ ተገዝቷልና። የደጋው ቀዝቃዛ አየር በማጣሪያ ብቻ ቢገባ ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን በግምት ሳይሆን በቁጥር መናገር ይቻላል።

ስለ መብራትም እንዲሁ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው የዋቤ ሸበሌ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ሆኖም የማመንጫ ቅርበት የከተማ መስመር እንዳይቋረጥ ዋስትና አይሆንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ ምን ያድርግ? ወዲያው ይነሣ? ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ ይመለስ? ወይስ ሰው እስኪያበራው ጠፍቶ ይቆይ? ይህ ምርጫ በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያስፈጽመውም ተቆጣጣሪው ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ሰርቨሮቹ በተለያየ ሰዓት እንዲነሡ ማድረግ ይቻላል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከተነሡ የመጀመሪያው የኃይል ፍጆታ ዩ.ፒ.ኤሱን ሊያንበረክከው ይችላልና ይህች ትንሽ ቅንብር ችላ ልትባል አይገባትም።

በመዝገቡ ላይ ስላለው ሰዓትም አንድ ነገር ላንሣ። ተቆጣጣሪው ከጊዜ ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አንዳንዱ ሁሉንም ነገር በ1970 እንደተፈጸመ አድርጎ ይመዘግባል። ከተገናኘም በዓለም አቀፉ ሰዓት «11፡00» ብሎ የጻፈው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በሌላ ማሽን ላይ ደግሞ «14፡00» ተብሎ ይገኛል። ባለሙያው በደብተሩ «8 ሰዓት ላይ ጠፋ» ብሎ በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር አስፍሮት ከሆነ ሦስቱ መዝገቦች ስለ አንድ አደጋ የሚናገሩ አይመስሉም። አንድ ክፍል አንድ የሰዓት ስምምነት ይኑረው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ እንግባ። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው አካል በር ሲኖረው በሩን የሚጠብቀው ማን ነው?

ተቆጣጣሪዎቹ ለረጅም ዘመን የተነጋገሩበትን አይ.ፒ.ኤም.አይ. የተሰኘ የጋራ ደንብ ኢንቴል፣ ኤች.ፒ.፣ ዴልና ኤን.ኢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1998 አወጡት፤ ሁለተኛው ስሪት በ2004 ተከተለ። በዚህ ሁለተኛ ስሪት ውስጥ፣ ዳን ፋርመር የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 በሰፊው እንዳሳየው፣ አስገራሚ ነገር አለ። አንድ ሰው የተጠቃሚ ስም ጠርቶ ለመግባት ሲጠይቅ፣ ማንነቱን ገና ሳያረጋግጥ፣ ተቆጣጣሪው ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ የወጣ አሻራ ይልክለታል። በር ላይ የቆመ እንግዳ «እገሌ ነኝ» ባለ ጊዜ ዘበኛው የቁልፉን ቅርጽ በሰም አትሞ እንደመስጠት ያለ ነው፤ እንግዳው ሰሙን ቤቱ ወስዶ፣ ማንም ሳያየው፣ እስኪገጥም ድረስ ይሞርዳል። የይለፍ ቃሉ ርዝመት ደግሞ ከ20 ባይት እንዳይበልጥ ደንቡ ራሱ ወስኗል። ጥፋቱ የአንድ ኩባንያ ፕሮግራመር ስሕተት ቢሆን ኖሮ በማሻሻያ ይታረም ነበር፤ በደንቡ ውስጥ የተጻፈ በመሆኑ ግን ደንቡን አክብሮ የሚሠራ ማሽን ሁሉ ይህን ያደርጋል። በዚያው ዓመት በተደረገ የኢንተርኔት ቅኝት ከ300 ሺህ በላይ ተቆጣጣሪዎች ለማንም በሚደረስ አድራሻ ላይ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ኢንቴል በበኩሉ ደንቡን ከእንግዲህ እንደማያሻሽል ገልጾ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ወጣው ሬድፊሽ ወደተባለው አዲስ ደንብ እንዲሸጋገሩ መክሯል። አሮጌው ግን በየማሽኑ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሌሎቹን ምሳሌዎች ፈጠን ብዬ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአራተኛው ትውልድ አይ.ኤል.ኦ. ላይ የተገኘው ክፍተት በድረ ገጽ ጥያቄ ውስጥ በአንድ ቦታ ላይ «ኤ» የተሰኘችውን የላቲን ፊደል 29 ጊዜ ደጋግሞ በመላክ ብቻ ያለ ይለፍ ቃል ያስገባ ነበር። በ2021 መጨረሻ አምንፐርዳዝ የተባለ የኢራን የደኅንነት ኩባንያ በአይ.ኤል.ኦ. ፈርምዌር ውስጥ የተደበቀ አጥፊ ፕሮግራም ማግኘቱን አስታወቀ፤ ፕሮግራሙ ባለሙያው ፈርምዌሩን ሲያዘምን የተሳካ አስመስሎ በማሳየት ራሱን ያቆይና ዲስኮችን ያጠፋ ነበር። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ በተጨባጭ ጥቃት እየተፈጸመባቸው ባሉ ክፍተቶች ዝርዝር ውስጥ የተቆጣጣሪ ፈርምዌር ክፍተት አስገባ፤ ይህ በኤ.ኤም.አይ. ኩባንያ ፈርምዌር ላይ የተገኘ ሲሆን ከ10 ነጥብ 10 የተሰጠው ነው። የአንድ ኩባንያ ፈርምዌር በብዙ አምራቾች ሰርቨር ውስጥ ስለሚገባ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን መልስ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የአሜሪካ መጽሔት በሰርቨሮች ላይ በምስጢር የተተከለ የስለላ ቺፕ አለ ብሎ ጽፎ ነበር፤ የተጠቀሱት ኩባንያዎች በሙሉ አስተባብለዋል። ተማሪዎች ስለዚያ ታሪክ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ በይፋ ተገዝቶ በይፋ የተበየደ ቺፕ ከፋብሪካ በመጣበት የይለፍ ቃል ተከፍቶ ተቀምጦ ሳለ ምስጢራዊውን መፈለግ ድካም ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ወጥመድ አለ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እርሱ ይሁን። በሰርቨሩ ጀርባ ለተቆጣጣሪው የተለየ የኔትወርክ ሶኬት አለ። ገመድ ካልሰካንበት ተዘግቷል ብለን እናስባለን። በበርካታ ሰርቨሮች ላይ ግን የፋብሪካው ቅንብር፣ የተለየው ሶኬት ባዶ ከሆነ ተቆጣጣሪው በዋናው የኔትወርክ ሶኬት ላይ ተዳብሎ እንዲወጣ ያዝዛል። ስለዚህ ገመዱን «ለጥንቃቄ» የነቀለ ሰው ተቆጣጣሪውን ተማሪዎችና እንግዶች ከሚጠቀሙበት መረብ ጋር ሳያውቀው አገናኝቶታል ማለት ነው።

ሁለተኛው መተላለፊያ ከውስጥ ነው። በሰርቨሩ ዋና ስርዓተ ክወና ላይ የበላይ ሥልጣን ያገኘ ሰው በብዙ ማሽኖች ላይ የተቆጣጣሪውን ይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ለራሱ አዲስ የአስተዳዳሪ ስም መክፈት ይችላል። ይህ ይለፍ ቃል ለጠፋበት ባለሙያ ትልቅ ምቾት ነው። ለአጥቂም እንዲሁ፤ ዲስኩ ተደምስሶ ስርዓተ ክወናው ከአዲስ ቢጫንም የከፈተው ስም በተቆጣጣሪው ውስጥ ይኖራል። «ፎርማት አድርገነዋል» የሚለው መልስ የማያረካው ለዚህ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪና የሕመምተኛ መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን የደኅንነት እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት፤ በእኔ አስተያየት ተቆጣጣሪውን ያልጨመረ እርምጃ ምሉዕ ሊባል አይችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተቆጣጣሪዎቹ ከተማሪዎችም ከሠራተኞችም መረብ በተለየ ቪላን ውስጥ ይቀመጡ፤ ወደዚያ የሚገባው በቪ.ፒ.ኤን. ወይም በአንድ በተመረጠ ኮምፒውተር በኩል ብቻ ይሁን። በፋብሪካ የተሰጠው ይለፍ ቃል ሰርቨሩ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይለወጥ። የማያስፈልግ ከሆነ በ623 ቁጥር በር የሚሠራው አሮጌው ደንብ ይዘጋ። ፈርምዌሩ በየሴሚስተሩ መጨረሻ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሳምንት፣ ይታይ። ከዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ስሙ በወረቀት ላይ የሰፈረ ኃላፊ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቀው ጨረታው ላይ ነው። በየጨረታ ሰነዱ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የሜሞሪውና የዲስኩ መጠን በዝርዝር ይጻፋል፤ የተቆጣጣሪው ነገር ይዘለላል። ውጤቱ የሚታወቀው ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው፤ በኤች.ፒ.ም ሆነ በዴል ሰርቨሮች ላይ ከሩቅ ስክሪኑን በሙሉ ለማየት ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃዱ ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት ይቻል ይሆናል፤ ለምን እንደቆመ ማየት ግን አይቻልም። አዲስ አበባ ላለ ተቋም ይህ ትንሽ ጉድለት ነው፤ ለሮቤ ግን የግዢው ዋና ጥቅም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ የሩቅ ስክሪን ፈቃድ፣ የተለየ ሶኬት፣ የሬድፊሽ ድጋፍና የፈርምዌር ማሻሻያ የሚቀርብበት ዘመን በጨረታው መግለጫ ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ርቀትን የሚያሸንፍ መሣሪያ ራሱ በርቀት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፋ መሐንዲሶቹ ለእንዲህ ዓይነት ቀን ያዘጋጁት የተለየ የአስተዳደር መረብም አብሮ ተቋርጦ ነበር፤ ሰዎች በአካል ወደ ማዕከላቱ ተልከዋል። በአገራችንም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ የሚመጣ የርቀት እርዳታ ሁሉ ቆሟል። በሮቤና በጎባ መካከል ያለው ግንኙነት በኢንተርኔት ላይ ሳይደገፍ ሊሠራ የሚችልበትን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን እዚሁ የሚኖር፣ መዝገቡን ማንበብ የሚችል ሰው ማሠልጠን ያስፈልጋል። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

ጥያቄ፦ ለላብራቶሪ ያገለገለ ሰርቨር ብንገዛ ምን እንድናደርግ ይመክሩናል?

መልስ፦ ግዙ፤ ለትምህርት ጥሩ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት የከፈታቸው ስሞች፣ የኢሜይል ማስጠንቀቂያ ለመላክ ያስገባው ይለፍ ቃል ሳይቀር በተቆጣጣሪው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልሱት፤ ቀጥሎ ፈርምዌሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ እንደገና ጫኑ፤ ከዚያም የስሪት ቁጥሩ በእርግጥ መለወጡን አረጋግጡ። ዩኒቨርሲቲም አሮጌ ሰርቨር ሲያስወግድ ዲስኩን ብቻ አውጥቶ መስጠት የለበትም።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል የሚያሰጋ ከሆነ ጨርሶ ማጥፋት አይሻልም?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ማራገቢያዎቹንና ኃይሉን የሚያስተዳድረው እርሱ ስለሆነ ሰርቨሩ ያለ እርሱ በአግባቡ አይሠራም። ማጥፋት የሚቻለው የኔትወርክ መውጫውን ነው፤ ያም በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ ገመድ በመንቀል አይደለም። መዘጋቱን ለማረጋገጥ የስዊቹን የማክ አድራሻ ሰንጠረዥ ክፈቱ። በዋናው ሶኬት ላይ ከአንድ በላይ አድራሻ ካያችሁ በሰርቨሩ አካል ላይ ከተለጠፈው የተቆጣጣሪው አድራሻ ጋር አመሳክሩ፤ ከተገኘ አልተዘጋም።